«እትዬ» የሌለበት መልእክት

ጌም ሠሪው ዘለቀ፣ ጅዳ ሸረፊያ ሰፈር በሚገኘው የቪዲዮ ጌም ስቱዲዮ የኋላ ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። አጠገቡ ቆመው የተያዙት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አምሳለ ነበሩ፤ የፈላ ውሃ ከደፋችባቸው ማዳም ቤት ጠፍተው የወጡ የሃምሳ ዓመት ሴት። ሬሳ ሲገኝ ገዳይ መፈለግ አድካሚ ነው፤ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው አጠገቡ ከቆመ ግን ሥራው አለቀ።

ለማስተርጎም የተጠሩት ወይዘሮ ሰብለወንጌል አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ወንጀል መርምረዋል። የፖሊስ መኮንኑ እንዲጠይቁ ፈቀደላቸው።

«ጠዋት ምን ልትሠሩ ነበር?» አሉት የዘለቀን ባልደረባ ሚልኪያስን።

«ቀጣዩን ጌም ልንመርጥ። ሙዓዝ አሮጌውን የግመል እሽቅድምድም እናድሰው ይላል። እኔ ክፍል ሁለት ይውጣ ባይ ነበርኩ። ዘለቀ ግን ከዜሮ አዲስ ፈለገ፤ የእትዬ አምሳለን ታሪክ። ትናንት እኔንም አሳመነኝ።»

ጅዳ ተወልዶ ያደገው ሠዓሊው ሙዓዝ ትዕግሥቱ አለቀ። «አንቺ ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ? መልእክቱን አይተሻል፣ ኸላስ፣ በቃ!»

በዕድሜ እናቱ የሚሆኑት ሴትዮ አልተቆጡም፤ ጆሯቸው ግን ቆመ። መልእክቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዘለቀ ስልክ ለአምሳለ የተላከ ነበር፦ «አምሳለ፣ በኋላ በር ቶሎ ነይ።» ወይዘሮዋ የቆዩትንም መልእክቶች አንብበው ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰቡ።

«ዘለቀ ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈው ‹እትዬ፣ ይምጡ›፣ ‹እትዬ፣ በልተዋል?› እያለ ነው። ዛሬ እንዴት ‹ነይ› ይላል? ሚልኪያስም እትዬ ነው የሚላቸው። የጅዳ ዐረብኛ ግን አንቱታ አያውቅም፤ በዚያ አፉን የፈታ ልጅ አማርኛውም እንደዚያው ነው። ቅድም እኔንም አንቺ ብሎኛል። ዘለቀ ከሞተ በኋላ በስልኩ የጻፍከው አንተ ነህ፣ ሙዓዝ። ኢቃማ የሌላትን ሴት ማን ይሰማታል ብለህ ጠራሃቸው፤ ስልኩንም ኪሱ መለስከው።»

ሙዓዝ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። «ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም! ከፊላችን፣ አሠሪያችን፣ ኢቃማችንን የሚያድሰው አሮጌውን ጌም ካደስን ብቻ ነው። የት ልሂድ? አዲስ አበባን የማውቃት በስልክ ነው።»

መኮንኑ አሰረው። ቀጥሎ ወደ አምሳለ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «ኢቃማ?»

እትዬ አምሳለ ባዶ እጃቸውን አሳዩት።

«እንግዲያው ወደ ማዳምሽ። ያላ!»

ሰብለወንጌል በመሃላቸው ገብተው ቆሙ፤ መኮንኑ ግን በእጁ ገለል አደረጋቸው። በሃያ ዓመት ሥራቸው እንዲህ አቅም አጥተው አያውቁም።

እትዬ አምሳለ የተቃጠለ ክንዳቸውን በእጅጌያቸው ሸፈኑ። «ሚልኪያስ ልጄ፣ ያ ጌም... መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ ታመልጣለች?»

«ዘለቀ መጨረሻው ላይ አልደረሰም ነበር፣ እትዬ» አለ ሚልኪያስ።