በወይራ የታጠነው ብልቃጥ

ማርያማዊት የላብራቶሪውን ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታነሳው ነጫጭ ነጠብጣብ ግጥም ብሎበት ነበር። ጓደኛዋ መስኡዳ እዚያው ዘለለች፤ ወላሂ ዘለለች። የእናቷ እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው እኮ! እንደ ጨጓራ የሚያቃጥል አሲድ ውስጥ ቆይተው በሕይወት ወጡ ማለት ነው። ቲቸር ዝናው ደሴ ለሚደረገው የሳይንስ ውድድር እነሱን እንደሚልካቸው ነገራቸው። መስኡዳ ቤት እስክትደርስ ለባጃጁ ሹፌር ሳይቀር አወራችለት፣ ለእናቷማ ምኑ ይነገራል።

በዚያው ሰሞን ትንሹን ወንድሟን አሊን ክፉኛ አስቀመጠው። ጤና ጣቢያ የሰጡት የኦአርኤስ ዱቄት ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ ነው፤ እናቷ በማንኪያ የምትሰጠው እርጎውን ብቻ ነው።

«አንቺ አይደለሽ ሆድ ይጠግናል ያልሽኝ?» አለቻት። «ልጄ ተምራ ያገኘችው እያለ በዱቄት ምን አስጨነቀኝ።»

መስኡዳ ደረቷ በኩራት አበጠ። ለማርያማዊት ካልነገርኳት ብላ ሮጣ ሄደች። ማርያማዊት ግን አልሳቀችም፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

«መስዬ፣ እርጎውን ያመጣሽበትን ብልቃጥ በወይራ አጥነሽው ነበር አይደል?»

እንዴት አታጥነው! ቲቸር ዝናው ቀቅሉት ብቻ ነበር ያላቸው። ግን ወተት ባልታጠነ ዕቃ ይያዛል እንዴ? ነውር ነው። ጭሱን እፍን አድርጋ ነበር የሞላችው።

ማርያማዊት አንገቷን ደፍታ ተናገረች። ከአሲዱ የወጣው ላይ አንድም አልበቀለም ነበር፣ ጭሱ ሳይጎዳቸው አይቀርም። እሷም አሲድ ያልነካው እርጎ ከራሷ ቤት አምጥታ ሌላ ሳህን ላይ ቀብታ ነበር ያሳየቻት።

«እንዳታለቅሺ ብዬ ነው። በቃ ዝም በይ፣ ማን ያውቃል? ደሴ እኮ ነው አቦ።»

መስኡዳ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ሄደች። ስትደርስ አሊ የእናቷ ጭን ላይ ዝርግት ብሏል፤ አይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ደሴ ከልቧ ጠፋ።

ኦአርኤሱን ቀደድ አድርጋ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጠበጠችው።

«እማ፣ ያ የነገርኩሽ ውጤት የውሸት ነው። ይሄን ስጪው። ካልተሻለው አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ማንኪያውን ተቀበለቻት። አሊ ፊቱን አጨማዶ ዋጠ። ደግሞ ዋጠ።

መስኡዳ ስልኳን አውጥታ ለማርያማዊት ጻፈችላት፦ «ነገ ጠዋት ቲቸር ጋ እገባለሁ። ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ።»

ከዚያ አዲስ ብልቃጥ ድስት ውስጥ ከታ ውሃ አፈላችበት። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ወይራው ጭራሮ ሄደ። መለሰችው።