ብረት የሚፈራው ሴንሰር

ጋሽ ክንፍ የተገኘው በገዛ እጁ በሠራት አውሮፕላን ጅራት ሥር፣ በአፍጢሙ ተደፍቶ ነው።

ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ከእንጨትና ከጨርቅ የሁለት ሰው አውሮፕላን መሥራት የጀመረ ጊዜ። እሱ አንድ ምስማር በመታ ቁጥር ጎረቤቱ በወሬ ያበርራታል። አንዱ ጣሪያዬ ላይ ስትዞር አየኋት ብሎ ምሏል፤ ሌላዋ የተሰጣ አንሶላዬን ይዛ ሄደች ብላ ከሳለች። ያኔ ክንፏ ገና አልተገጠመም ነበር።

ጅራቷን ደግፎ የያዘው የእንጨት እግር ተንሸራቶ ጅራቷ ጭንቅላቱ ላይ ወድቃለች። ሁለት ነገር ባይኖር ኖሮ አደጋ ነው ተብሎ ይቀበር ነበር። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ «ይሄ የጠበበ ምት ነው፤ ይህን ያህል ሰፊ ነገር እንዲህ አይሰብርም» አለ። ሌላው ግድግዳው ነው። ጋሽ ክንፍ ዕቃዎቹን በሚሰቅልበት ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱን ቅርጽ በቀይ ቀለም ስሏል። መዶሻው በመዶሻው ቅርጽ፣ ጉጠቱ በጉጠቱ ቅርጽ ላይ ተሰቅሏል። የትልቁ መፍቻ ቅርጽ ግን ባዶውን ቀርቷል።

ማምሻውን የጅራቷን መውደቅ ሰምተው ሮጠው የገቡት አራት ናቸው፤ ባለቤቱ፣ ልጁ፣ ወንድሙና ጓደኛው። ከዚያ ወዲህ ሳይፈተሽ ከግቢው የወጣ የለም። ፖሊስ ቤቱን፣ መደርደሪያውን፣ የውሃ ታንከሩን ሳይቀር በረበረ። መፍቻው የለም።

ከአራቱ አንዱ ገዳይ መሆኑን አራቱም ያውቃሉ። ሳሎን ውስጥ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው አነጉ። አንዱ ሲያስል ሦስቱ ይበረግጋሉ። ለሽንት የተነሳ ሰው ተመልሶ እስኪቀመጥ የቀሩት ዓይናቸውን ከበሩ አያነሱም።

መርማሪዋ ጧት ስትገባ ማንም አልሰማት። ጣቢያ ውስጥ «ድመት» የሚሏት ለዚህ ነው፤ ስትቸኩል ጥላዋን እንኳ ጥላው ትሄዳለች ይባልላታል።

የጣቢያው አዛዥ ካቴና እያንቃጨለ ጠበቃት። «ልጅቷን ልወስዳት ነው። ከአባቷ ጋር ተጣልታለች። መፍቻውንም መጨረሻ የያዘችው እሷ ናት።»

«መጀመሪያ ላናግራቸው።»

«ፀሐይዋ ከጋራዡ በር እስክትወጣ ድረስ። ከዚያ በኋላ አልጠብቅሽም።»

ልጅቷ አውሮፕላኗ ውስጥ «ካፒቴን» ተብሎ በተጻፈበት የአብራሪው ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች። ድመት አጠገቧ ገብታ ተቀመጠች።

«ካፒቴን የሚልሽ አባትሽ ነው?»

«እሱ ብቻ ነው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ዛሬ ላበርራት ነበር። ትናንት ጧት ‹አንድ ነገር ሳላጣራ አትነሺም› አለኝ። ጮህኩበት። ምን ብዬ እንደጮህኩ ግን አይጠይቁኝ።»

«መፍቻውስ?»

«ጎማ አጥብቄበት መለስኩት። አባዬ አይቶኛል። ሌላ ያየኝ የለም።»

«እስቲ ይህችን አብሪልኝ።»

ልጅቷ ማብሪያውን ጫነች፤ ስክሪኑ በራ። የጧት ፀሐይ በጋራዡ በር ገብታ፣ ከአውሮፕላኗ አፍንጫ በላይ ሁለቱንም ፊት ለፊት ዓይናቸውን ወጋቻቸው። ስክሪኑ ላይ ያለው ኮምፓስ ግን አፍንጫዋ ወደ ደቡብ ነው ይላል።

«ይዋሻል» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «አባዬ ትናንት ልክ አድርጎት ነበር።»

«አቅጣጫውን የሚነግረው ምንድን ነው?»

«የክብሪት ቀፎ የምታክል ሴንሰር ናት። ብረት ትፈራለች፤ ሲጠጋት ትቀባዥራለች። የአየር ሙቀት የሚለካውን ከሞተሩ አርቀን፣ ፍጥነት የሚለካውን ክንፉ ፊት አድርገን በአንድ ቀን ጨረስን። ለእሷ ግን ቦታ ስንመርጥ አበድን። መጀመሪያ ጅራት ውስጥ ነበረች። አባዬ የጅራቱን መብራት ሲያበራ መሳት ጀመረች፤ ሽቦው አጠገቧ ያልፋል፣ ኤሌክትሪክም እንደ ብረት ያሳስታታል። ከትናንት ወዲያ እኔና እማዬ አግዘነው ወደ ግራ ክንፍ ጫፍ አዛወርናት።»

«ለማን ነገራችሁ?»

«ለማንም።»

ድመት ከዚያ ባለቤቱን መኝታ ቤት አገኘቻት። አልጋው ላይ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነው የምታለቅሰው።

«እትዬ፣ ሴንሰሯን ስታዛውሩ ነበሩ?»

«ባትሪ ይዤለት ነበር። ክንፉ ውስጥ አስገብቶ እስኪጨርስ ክንዴ ደነዘዘ። ትዳሬን ባትሪ ይዤ ነው የጨረስኩት፣ ልጄ።» ፈገግ ልትል ሞከረችና አቃታት። «ትናንት ስልክ ላይ ‹ጥፋቱ የዶክተሩ አልነበረም፤ ለሚስቱ እነግራታለሁ› ሲል ሰማሁት። ከማን ጋር እንደሆነ አላወቅኩም።»

ዶክተሩ ባለፈው ክረምት፣ እንዲሁ በቤቱ የሠራትን አውሮፕላን እያበረረ ጉም ውስጥ ገብቶ ተራራ የገጨ ሰው ነው። መንገድ ስቶ ነው ተብሎ ነገሩ ተዘጋ።

ወንድምየው በረንዳ ላይ ጥፍሩን ይበላል።

«ጋሼ፣ የዚች አውሮፕላን የኮምፓስ ሴንሰር የት ነው ያለው?»

«የምን ሴንሰር? እኔ የማውቀው አፏንና ቂጧን ነው። ጋራዡን ልቀቅልኝ ብዬ ተጨቃጭቀናል፤ አልደብቅም። ግን ወንድሜ ነው፣ እህቴ።»

ጓደኛውን ሁሉም «ኢንጂነር» ይለዋል። ቤት ውስጥ የተሠሩ አውሮፕላኖችን መርምሮ «ይብረሩ» ብሎ የሚፈርም እሱ ነው። ሻይ እየጠጣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ጅራት ውስጥ» አለ ሳያመነታ። «ከሞተሩ ብረት የራቀ ቦታ ነው። እኔ ነኝ የመረጥኩለት። ለሁሉም እንደዚያው ነው የማደርገው።»

«ለዶክተሩም?»

ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ሻዩ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። «ለእሱም» አለ።

ፀሐይዋ በሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ድመት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበች። ማንም ከማንም አጠገብ መቆም አልፈለገም። ልጅቷ አዛዡ እጅ ላይ ያለውን ካቴና እያየች እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃለች።

«ጅራቷ ሰው አልገደለችም» ብላ ጀመረች ድመት። «ገዳዩ መጀመሪያ መታው፣ ቀጥሎ መፍቻውን ደበቀ፣ በመጨረሻ አደጋ እንዲመስል የእንጨቱን እግር ነቅሎ ጅራቷን ጣላት። ድምፁን ሰምታችሁ ገባችሁ፤ ከዚያ በኋላ ዕቃ ለማውጣት ጊዜ አልነበረም። መፍቻው እዚሁ አለ።»

«ፈትሸናል እኮ» አለ አዛዡ።

«ጅራቷን ከፍታችሁ አይታችኋል፤ ክዳኗ ክፍት ስለነበር። እኔን ያስገረመኝም ይኸው ነው። ሬሳው አጠገቧ ነው፤ እጅ ዘርግቶ ወርወር ማድረግ ይቻል ነበር። ሰውየው ግን አለፋት። ለምን?»

ድመት ወደ ወንድምየው ዞረች።

«ወንድምየው ቢሆን ኖሮ ያገኘው ቀዳዳ ውስጥ ይወትፈው ነበር፤ ሴንሰር የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ጅራቷን የሸሸው፣ እዚያ ውስጥ ብረት የሚያጋልጥ ነገር አለ ብሎ የፈራ ሰው ነው። ሴንሰሯ ግን ከትናንት ወዲያ ግራ ክንፍ ጫፍ ገብታለች። ይህን እናትና ልጅ ያውቃሉ፤ እነሱ ብረት ይዘው ወደዚያ ክንፍ ድርሽ አይሉም። ስለዚህ ጅራቷን የሚፈራ፣ ክንፉን የማይፈራ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ካፒቴን፣ አብሪው።»

ስክሪኑ በራ። ደቡብ። ሁሉም ስክሪኑን አዩ፤ ኢንጂነሩ ብቻ ክንፉን አየ።

አዛዡ ጓንት አጥልቆ ከግራው ክንፍ ጫፍ ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈታ። እጁን እስከ ትከሻው አስገባ። ብረቱ እየተንፏቀቀ ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ከደቡብ ተነሳ፤ ዞረ፤ ፀሐይዋ ላይ ደርሶ ቆመ። መፍቻው ጫፍ ላይ ደም ደርቋል።

እናትየው የልጇን እጅ ያዘች።

«ዝም በል ብዬ ለመንኩት» አለ ኢንጂነሩ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ጉም ውስጥ ገብቶ መብራት የማያበራ ማን አለ? ዶክተሩም አበራ፤ እኔ የመረጥኩለት ቦታ አሳተው። ይህ ቢወጣ ማን ዳግመኛ ያስፈርመኛል?»

አዛዡ ካቴናውን ከልጅቷ ፊት አንስቶ ወደ እሱ ዞረ።

«ቆይ» አለች ልጅቷ። «ለእኛም ለዶክተሩም ጅራት ውስጥ ነው የመረጥከው። የፈረምክላቸው ሌሎቹስ?»

ኢንጂነሩ አንገቱን ደፋ።

በበሩ በኩል የሚታየው ኮረብታ ጉም መልበስ ጀምሯል። በዕረፍት ቀናቸው የሚያበርሩ ሰዎች ደግሞ የሚነሱት ዛሬ ነው። ልጅቷ የአባቷን ስልክ አንስታ የሚያውቃቸውን አብራሪዎች ቁጥር መደወል ጀመረች። የመጀመሪያው አነሳ። ሁለተኛውም አነሳ። ሦስተኛው ጠርቶ ጠርቶ ሊዘጋ ሲል አንድ ሰው እየጮኸ «አልሰማም፣ ማን ልበል?» አለ።

«ጋሼ፣ የጋሽ ክንፍ ልጅ ነኝ። ካፒቴን። በሞቴ፣ ዛሬ እንዳይነሱ።»

ከስልኩ ወዲያ ሲያጓራ የነበረ ሞተር ቀስ እያለ ጠፋ።