በትራስ ውስጥ የተሰፋው

ልብስ ሰፊዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ጥፋት ሁልጊዜ ከክፉ ሰው እጅ ብቻ የሚመጣ እየመሰለን በሩን ለሌባ ቆልፈን መስኮቱን የምንከፍተው እኛው ነንና።

የምትሠራው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ ያላለቁ ቀሚሶች፣ ወለሉ ላይ ብጥስጣሽ ጨርቅ። ከጎኗ ባለው ክፍል አንዲት ነርስ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የነርሷ ሳቅ እስከ ልብስ ሰፊዋ ክፍል ድረስ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ እርሷን የራሷ ልጅ ያህል ታያት ነበር።

ነርሷ ለሥልጠና በአውሮፕላን ወደ ሌላ አገር ልትሄድ ነው ሲባል፣ ከሁሉ በፊት የተደሰተችው ልብስ ሰፊዋ ናት። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነርሷ በምትሄድበት ከተማ ስልክ እየጠገነ ይኖራል። ወዲያው ደወለችለት።

«እማዬ፣ አሮጌ የስልክ ባትሪ እዚያ እንደ ጉድ ይገኛል፤ እዚህ ግን አይቀመስም» አላት። «በእሷ ላኪልኝ። ፍተሻ ላይ እንዳያዩት ብቻ ደህና አድርገሽ ደብቂው፤ ይወስዱታል።»

«ለምን ይወስዱታል?»

«ሕግ ነው ይላሉ። እነሱ ምን የማይከለክሉት ነገር አለ? የጥፍር መቁረጫ እንኳን ይፈራሉ!»

ልብስ ሰፊዋም ሳቀች። ገበያ ወርዳ አንድ ፌስታል አሮጌ ባትሪ ገዛች። ከመካከላቸው ሆዳቸው ያበጠ፣ የተበላሹ ነበሩ፤ አየቻቸው፣ ግን ከሌሎቹ ጋር ጨመረቻቸው። በጨርቅ ጠቅልላ ትራስ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ዙሪያቸውን ጥጥ ጠቀጠቀችበትና ለካፖርት በምትጠቀምበት ወፍራም አረንጓዴ ክር ድርብ አድርጋ ሰፋችው። በሥራዋ ኮራች። ይህን ስፌት ማን ይደርስበታል?

ነርሷ ትራሱን ስትቀበል አቀፈችውና ወደ ላይ ወደ ታች አድርጋ መዘነችው።

«ከበደኝሳ እትዬ! ጥጥ ነው ወይስ ሰው ጨምረሽበታል?»

«የእናት ፍቅር ነዋ የከበደሽ! ልጄ በሰው ትራስ እንቅልፍ አይወስደውም።»

«አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ እኮ ‹ዕቃሽን ራስሽ ነሽ ያሸግሽው?› ብለው ይጠይቃሉ።»

«ታዲያ አዎ በያቸው። እኔና አንቺ ምን ለየን?»

ነርሷ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን እንደ ሌላው ጊዜ እስከ ዐይኗ አልደረሰም። ልብስ ሰፊዋ የመንገድ ሐሳብ ነው ብላ አለፈችው።

ነርሷ በተሳፈረች ማግስት ልብስ ሰፊዋ ዚፕ እየቀየረች ሳለች ራዲዮ በሩን ገፍቶ ገባ። ራዲዮ ታክሲ ነጂ ነው፤ ስሙን ያገኘው የሰማውን ሁሉ ስለሚያስተላልፍ ነው፤ ሰፈሩም «ራዲዮ እንኳን አንዳንዴ ይዘጋል፣ እሱ ግን አይዘጋም» እያለ ይቀልድበታል። ያን ቀን ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«እትዬ፣ የነርሷ አውሮፕላን ጠፋ። ባሕሩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ። የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።»

መርፌው ጣቷን ወጋት፤ አልተሰማትም። ከዐይኗ ፊት የመጣው የነርሷ ፊት እንኳ አልነበረም። አረንጓዴው ክር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ የአውሮፕላን ዐዋቂ ሆነ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ «ጠልፈውት ነው» ይባላል። ሱቁ በር ላይ «አብራሪው ከሚስቱ ተጣልቶ ነበር አሉ» ይባላል። «አሉ» ነው ሁሉም፤ ማን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። አንድ ቀን ራዲዮ ስልኩን ከፍ አድርጎ የእማማ ቤት ድረስ ሮጠ። እማማ የነርሷ እናት ናቸው። «ተገኘ! አንድ ደሴት ላይ አርፏል! ሁሉም በሕይወት አሉ!» አለ፤ በስልኩ የተላከለትን የማይታወቅ ሰው ድምፅም አሰማቸው።

እማማ መሬቱን ሳሙ። ተነሥተው የልጃቸውን አንሶላ አጠቡ፤ ነጠላ ጫማዋን አውጥተው ደጃፉ ላይ አስቀመጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ውሸት መሆኑ ተነገረ። አንሶላው ገመዱ ላይ ገና አልደረቀም ነበር።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ራዲዮ አንገቱን ደፍቶ። «የሰማሁትን ነው ያልኩት።»

ነጠላ ጫማውን ግን ከደጃፉ የሚያነሣ አልተገኘም።

አየር መንገዱ የተሳፋሪ ቤተሰቦችን ሲጠራ እማማን ደግፋ የወሰደቻቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ሰው ሁሉ ተቀምጦ በሩን ያያል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ይነሣል፣ የገባችው ውኃ የምታድል ልጅ ስትሆን ሁሉም መልሶ ይቀመጣል። በመጨረሻ አንዲት የምርመራ ሠራተኛ አጠገባቸው መጥታ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ልጅዎ ምን ይዛ እንደነበር ያውቃሉ? የሰው ዕቃ፣ ባትሪ፣ ጋዝ፣ የሚቀጣጠል ነገር?»

«ለምን ትጠይቂኛለሽ ልጄ?»

«ገና ምንም ስለማናውቅ ሁሉንም ቤተሰብ እንጠይቃለን። እንዲህ ያለ ነገር ሻንጣ መጫኛው ውስጥ እሳት ካስነሣ በሰማይ ላይ ማን ይደርስለታል? ለዚህ ነው የሚከለከለው።»

ልብስ ሰፊዋ ዐይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። እማማ ዞር ብለው አዩዋት፤ ረጅም እይታ ነበር።

«ልብሷን ነው የያዘችው» አሉ ቀስ ብለው። «ልብሷንና አንድ ትራስ።»

ሠራተኛዋ አመስግና ወደ ሌላው ቤተሰብ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲያ ቤቷ ቤት አልሆናት አለ። ግድግዳው ማዶ ሳቅ የለም። ጨርቅ ስትቆርጥ እሳት ይሸታታል፤ ተነሥታ ካውያውን ታያለች፣ ተነቅሏል። ጥጥ መንካት አቃታት። ትራስ ይዞ የመጣ ደንበኛ ሁሉ «አልሰፋም» ተብሎ ይመለሳል። ልጇም ደጋግሞ ይደውላል።

«እማዬ» አላት አንድ ቀን፣ «ለማንም እንዳትናገሪ። ብትናገሪም የሞተ አይመለስም።»

«አንተስ እንቅልፍ ይወስድሃል?»

ስልኩን ዘጋው።

ምናልባት እንዲሁ ዝም እንዳለች ትኖር ነበር። ነገር ግን ወሬ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ የሚበላው ሰው ይፈልጋል። ያገኘውም ሜካኒኩን ነው። ሜካኒኩ አውሮፕላን የሚጠግን የዚያው ሰፈር ሰው ነው። «ሰክሮ ነው የፈተሸው አሉ» ተባለ። በማግስቱ «አሉ» ቀረና «ሰክሮ ነው የፈተሸው» ሆነ። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ በድንጋይ ተሰበረ።

ሚስቱ የልጆቿን ዩኒፎርም ልትወስድ ወደ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች።

«ገና ነው፣ አላለቀም» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

«ያለቀውን ያህል ስጪኝ እህቴ። ከሰፈሩ ልንወጣ ነው። ልጆቼን ‹የነፍሰ ገዳይ ልጆች› እያሉ ከትምህርት ቤት አባረሩብኝ። እሱ መጠጥ አፉ ገብቶ አያውቅም።» እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «አንቺስ ይህን ታምኛለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ እጅጌ የሌለውን ትንሽ ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች ቀረች። የዚህ ልጅ አባት የእኔን ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚሰደደው ብላ አሰበች።

«አላምንም» አለች። «ቆዪ፣ የትም አትሂጂ።» መቀሷን ጥላ ወጣች።

እማማ ደጃፍ ላይ፣ ከነጠላ ጫማው አጠገብ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«እማማ፣ ልጅዎን የገደልኳት እኔ ነኝ። ትራሱ ውስጥ ባትሪ ሰፍቼበት ነበር። ጥጥ ነው ብዬ ዋሸኋት። ይርገሙኝ፣ ይምቱኝ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

 እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ አሸዋ የተሞላ አሮጌ የብረት ባልዲ እየጎተቱ ነበር። በእጃቸው አሸዋውን ገለጥ አደረጉት።

ባትሪዎቹ ነበሩ። አጠገባቸው የተቆራረጠ አረንጓዴ ክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ልጄ ልትሄድ ስትል ትራሱ ከብዷት ዳበሰችው» አሉ እማማ። «በቀዶ ጥገና መቀስ ፈታችው። ባትሪዎቹን አውጥታ እሳት እንዳያስነሡ እዚህ አሸዋ ውስጥ ቀበረችና ትራሱን መልሳ ሰፋችው። ስፌቷ ደግሞ ማፈሪያ ነበር፤ ‹እትዬ ብታየው ትስቅብኛለች› እያለች።»

ልብስ ሰፊዋ የተቆራረጠውን ክር ከአሸዋው አነሣች።

«ታዲያ እማማ... ይህን ሁሉ ቀን... ምነው ሳይነግሩኝ?»

«‹እማዬ፣ አንቺ እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች፤ ስመለስ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ› ብላኝ ነው የሄደችው።» እማማ ነጠላ ጫማውን አዩ። «እኔ ብነግርሽ፣ ልጄ አትመለስም ብዬ ማመኔ አይደለም?»

ሁለቱ ሴቶች ባልዲውን መሃል አድርገው አለቀሱ። ልብስ ሰፊዋ ከልቧ ላይ ድንጋይ የተነሣላት መሰላት፤ ግን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነበር። አዳራሹ ትዝ አላት። እነዚያ ሁሉ ወንበሮች፣ ያ ሁሉ ሰው። ከተሳፋሪዎቹ እያንዳንዱ ጎረቤት ነበረው። እያንዳንዱ ጎረቤት «ምን አለበት፣ ትንሽ ነገር ናት» የሚል አፍ ነበረው። ትራሱን የሚዳብስ እጅ ግን ሁሉም ቤት አለ ወይ?

በዚያው ሳምንት ባልዲውን ይዛ ወደ ምርመራ ሠራተኛዋ ሄደች፤ ሰው ዕቃ እንዴት እንደሚደብቅ በገዛ አፏ ነገረቻት። ስትመለስ ሱቁ በር ላይ ራዲዮ ከሰው መሃል ቆሞ ስለ ሜካኒኩ ያወራል።

«ራዲዮ፣ ሲጠጣ አየኸው?» አለችው።

«ኧረ አላየሁም፣ ግን...»

«‹ግን› የለም። ያላየኸውን አትናገር። እኔ ሠርቼ ዝም አልኩ፣ እናንተ ሳታዩ ጮኻችሁ፤ በመካከላችን የሰው ቤት ፈረሰ።» ከዚያም የሠራችውን ሁሉ በሰው ፊት ተናገረች። አንዳንዱ ተፋባት። ራዲዮ ግን ስልኩን ኪሱ ከተተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ፤ በማግስቱም የሜካኒኩን መስኮት መስተዋት ያስገባው እሱ ነው።

አውሮፕላኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ የለም፤ ዐውቃለሁ የሚላችሁን አትስሙት። እኛ የምናውቀው በእጃችን ያለውን ብቻ ነው። ለመንገደኛ ዕቃ ስትሰጡ ፊቱ ክፈቱት፣ ራሱ አይቶ ራሱ ያሽገው። የተከለከለ ነገር አትስጡት። መንገደኛ ከሆናችሁም ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ ያላሸጋችሁትን «አሽጌዋለሁ» አትበሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ልብስ ሰፊዋ ዛሬም መስኮቷ ሥር ትሰፋለች። አውሮፕላን ሰማዩን እየሰነጠቀ ሲያልፍ እግሯ ከመርገጫው ላይ ይቆማል፤ መኪናዋም ዝም ትላለች። ደንበኞቿ አይጠይቋትም፣ ይጠብቃሉ። ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ ታዳምጣለች፤ ከጠፋም በኋላ ጥቂት ታዳምጣለች። ግድግዳው ማዶ እማማ ነጠላ ጫማውን ከአቧራ ሲያራግፉ ይሰማታል።