ሦስተኛዋ ጀልባ

ጥላ ወጊ፣ ዛር፣ ሙት መንፈስ የሚባል ወሬ ሲነሳ ከመሀል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ሥራዬ ድምፅ መቅረጽ ነው፣ ድምፅ ደግሞ ወይ የቴፑ ክር ላይ አለ ወይ የለም፣ ሌላ ነገር የለውም ብዬ ነው የኖርኩት። አሁን የምነግርህን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ "ጠጥቶ ይሆናል" እል ነበር፣ አንተም እንደዚያ ብትል አልቀየምህም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ሀዋሳም ያኔ አዋሳ ነበር የምትባለው። ጋሽ ተካ የሚባል ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ዳይሬክተር፣ ታይቶ የማይታወቅ ትልቅ ፊልም እሠራለሁ ብሎ ሐይቁ ዳር ሰፍሯል፣ ታሪኩ ከባለርስት ሸሽተው በአርባ ጀልባ ሐይቁን ስለሚሻገሩ ጭሰኞች ነው። እኔና ካሜራማኑ ይርጋ ግን ያንን ፊልም ልንሠራ አልነበረም የተላክነው፣ ፊልሙ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ነበር የታዘዝነው፣ እነሱ ሲቀርጹ እኛ እነሱን እንቀርጻለን። ቀላል ሥራ ይመስላል አይደል? ግን ያ ፊልም አልሳካ አለ፣ ከውጭ የመጣው ጥሬ ፊልም ብርሃን ገብቶበት ተገኘ፣ ዋናዋ ተዋናይ በወባ ተኛች፣ የባለርስቱ ቤት ተብሎ የተሠራው ነገር በነፋስ ተገነደሰ፣ ጋሽ ተካም በሁለት ወር ውስጥ ከስቶ ሱሪው አልቆምለት አለ።

ይሄኔ ጓድ ደምሴ የሚባል ካድሬ ከላይ ተላከ። ሲጨብጥህ እጅህን ቶሎ የማይለቅ ዓይነት ሰው ነው። "ይሄ የዕድል ጉዳይ አይደለም፣ አሻጥር ነው" አለን እኔንና ይርጋን ለብቻችን ጠርቶ። "እናንተ ሁሉንም ቀርጻችኋል። ያያችሁትን አያለሁ፣ የሰማችሁትን እሰማለሁ።"

ከዚያች ቀን በኋላ የእኛን ካሜራ ሲያይ ሰው ሁሉ ዝም ይል ጀመር፣ ምሳ ልንበላ ስንገባ ወሬ ይቋረጣል፣ አናጺዎቹ ሳይቀሩ "እነዚህ የማን ናቸው?" ይባባላሉ። እውነት ለመናገር እኔና ይርጋም አንዳችን ሌላችንን በጎን ማየት ጀምረን ነበር።

ትልቁ የጀልባ ትዕይንት ሊቀረጽ አንድ ቀን ሲቀረው የቀዛፊዎቹን አለቃ ላንቃሞን ቃለ መጠይቅ ልናደርግ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዳር አሞራ ገደል ሄድን። ላንቃሞ የቡሹሎ መንደር ሰው ነው፣ ዕድሜው ሃምሳ ገደማ፣ አማርኛ እንደ ልቡ ይናገራል፣ ብቻ ካድሬውንም ዳይሬክተሩንም ሁሉንም "አንተ" ነው የሚለው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ፀሐይዋ ገና ጠንካራ ናት፣ ላንቃሞ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጧል፣ ይርጋ ይጠይቃል፣ እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማይኩን ዘርግቻለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ውሃው ዳርቻውን ሲነካ ነው፣ ከዚያ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ አሞራ ክንፍ፣ ከዚያ ደግሞ ትንፋሽ፣ ማይኩ ላይ አፉን የደቀነ ሰው ትንፋሽ። ዘወር ብዬ አየሁ፣ ከሦስታችን በቀር ማንም የለም። ወዲያው ያ የሚተነፍሰው ሰው በዝግታ፣ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ። ማዳመጫውን ሳነሳ የለም። ስመልሰው አለ።

ክሩን ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት፣ እመነኝ፣ ክሩ ላይ ነበር። ሲዳምኛ ይሆናል ብዬ ማዳመጫውን ለላንቃሞ ሰጠሁት።

"ምን ይላል?" አልኩት።

ሰማና ሳቀ። "ምን ትጠይቀኛለህ? አንተ ነህ እኮ የምትናገረው።"

"እኔ?"

"ድምፅህ ነው። 'ነገ ሦስተኛዋ ጀልባ ላይ ሰው እንዳይወጣ' ትላለህ። ሲዳምኛ እንዲህ ጥርት አድርገህ እያወቅህ ለምንድነው የደበቅኸን?"

ወዳጄ፣ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ በሲዳምኛ ደህና ዋልክ ማለት እንኳ አላውቅም። ይርጋ ማዳመጫውን ቀማኝና እሱም ሰማ፣ ሲያወርደው ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

"አስፋው፣ ያንተ ድምፅ ነው" አለኝ። ከዚያ ላንቃሞ እንዳይሰማ ተጠግቶ፣ "ለማን ነው የምትሠራው?"

ለማንም አልኩት፣ ማልኩለት፣ ያመነኝ አልመሰለኝም። ለጋሽ ተካ ልንገረው ብዬም አስቤ ነበር፣ ግን ብነግረው የሚከተለው ጥያቄ "አንተ እንዴት አወቅህ?" ነው፣ እሱ ባይጠይቅ ጓድ ደምሴ ይጠይቃል፣ ያኔ እንዲህ ተጠይቆ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ዝም አልኩ። ላንቃሞ ግን ዝም አላለም፣ በማግስቱ ጠዋት ሦስተኛዋ ጀልባ ላይ ሊወጡ የነበሩትን ስድስት አጃቢ ተዋንያን አወረደና ልብስ ያለበሰው የጭድ ከረጢት ደረደረባት፣ ጀልባዋንም ከፊተኛዋ ጋር በገመድ አሰራት። ጋሽ ተካን "ከሩቅ አይለይም" አለው።

አርባው ጀልባ ወጣ፣ ደስ የሚል ነገር ነበር፣ ጋሽ ተካ በዚያ ሁለት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት። ሐይቁ መሀል ሲደርሱ ሦስተኛዋ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች፣ ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ወደ ውሃው ተንሸራተቱ፣ ዳር የቆመው ሰው የፊልሙ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ጎትተው ሲያወጧት ሆዷ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ተገኘ፣ በመሰርሰሪያ የተበሳ፣ ጠርዙ ላይ ሳሙና የቀረበት። የበሳው ሰው ቀዳዳውን በሳሙና ደፍኖታል፣ ውሃ ሲያገኘው እንዲሟሟ።

ጓድ ደምሴ ወደ ላንቃሞ ዞረ። "ሰው ያወረድኸው አንተ ነህ። እንዴት አወቅህ?"

ላንቃሞ አየኝ። እኔ ማይኩን እንደዘረጋሁ ነበር፣ መቅረጫው ይዞራል።

"ዓይቼ ነዋ" አለ። "ጀልባ የእኔ ሥራ ነው።"

የጓድ ደምሴ ሰዎች እጁን ይዘው መኪና ውስጥ አስገቡት። እኔ ቃል አልተነፈስኩም፣ የመኪናውን በር ሲዘጉት እንኳ ቀርጬዋለሁ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ጓድ ደምሴ ሳሙናው የጠፋ ሰው አሻጥረኛው እሱ ነው ብሎ የሁላችንም ሳሙና እንዲሰበሰብ አዘዘ፣ ያኔ ሳሙና እንደ ልብ አይገኝም፣ የግዢ ሹሙ ለእያንዳንዳችን እኩል ቆርሶ ነበር የሰጠን። እኔ ሻንጣዬን ገለበጥኩ፣ ፍራሹን አነሳሁ፣ የለም። ጠዋት ፊቴን የታጠብኩበት ሳሙና የለም! ይርጋ ቆሞ አየኝ፣ ከዚያ የራሱን ለሁለት ሰበረና ግማሹን አልጋዬ ላይ ወረወረ። ጓድ ደምሴ ክሮቹን ሊወስድ ከመምጣቱ በፊት የዚያን ድምፅ ቦታ ደመሰስኩት፣ ይርጋ ሰው እንዳይመጣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አብረን አንድ ክፍል አላደርንም።

ፊልሙ እዚያው ቆመ፣ የእኛም እንደዚያው፣ ሁላችንም ወደ አዲስ አበባ ተጠራን። ላንቃሞ ሁለት ወር ታስሮ መፈታቱን ከሰው ሰማሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስብሰባ ልቀርጽ አዋሳ ተላክሁ። ይቅርታ ሳልጠይቀው አልመለስም ብዬ ከመሃል ከተማ ተነስቼ ቡሹሎ ድረስ ሄድኩ፣ ቤቱን ጠይቄ ደረስኩ። ባለቤቱ በር ላይ በሲዳምኛ አንድ ነገር ብላ ሳቀችልኝና እንደ ዘመድ አስገባችኝ፣ መልስ እየጠበቀች ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ላንቃሞ ጠጉሩ ሸብቷል።

"ያን ቀን ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ" አልኩት።

ግራ ገባው። "ስንት ጊዜ ይቅር ልበልህ? በየእሁዱ እስር ቤት ምግብ ይዘህልኝ ትመጣ አልነበረም እንዴ? ያኔ ተናግረህ ጨርሰሃል። ሱሪህ ሁልጊዜ እስከ ጉልበት እርጥብ ነው፣ ምነው ስልህ ትስቃለህ። ዛሬ ምነው በአማርኛ?"

እነዚያን እሁዶች አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ወዳጄ፣ ከእናቴ ጋር ነበርኩ።

ላንቃሞ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የመጨረሻው እሁድ ያልከኝን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእሷም። እንዳልከኝ እየጠበቅሁ ነው።"

ምንድነው ያልኩዎት ብዬ ልጠይቀው ነበር፣ እንደዚያ አምኖ ሲያየኝ ግን ተውኩት።

"ጥሩ ነው" አልኩት። "ይጠብቁ።"