ቁጥር አሥራ ስድስት ተገኝታለች

ካርዱ ካንጸባረቀ ማሽኑ አይቀበልም። ስለዚህ አለቃ የጓደኛዋን የተማሪ መታወቂያ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ ከካሜራው አንድ ስንዝር ያህል አራቀችውና ትንፋሿን ያዘች።

«ቁጥር አሥራ ስድስት፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለ ማሽኑ። አረንጓዴ መብራት በራ።

ቁጥር አሥራ ስድስት ግን አልመጣችም። ከቀረች ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆናት።

«ፈጠን በይ እንጂ አለቃ፣ እኔ ገና አራት ሰው አለብኝ» አለ ከኋላዋ የቆመው ልጅ። ወሬ ስለማያልቅበት ጋዜጠኛው ይሉታል። በእጁ ባዶ የጠመኔ ሳጥን ይዟል፤ ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ልጆች መታወቂያ አለ።

ማሽኑ ክፍሉ በር ላይ የተሰቀለው በዓመቱ መጀመሪያ ነው። አንድ ኩባንያ ለሙከራ ብሎ በነፃ ሰጠ፤ ትምህርት ቤቱም ሳያቅማማ ተቀበለ። የእያንዳንዱን ተማሪ ፊት አይቶ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ራሱ ይመዘግባል ተባለ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ጋዜጠኛው ማሽኑ ፊትና ፎቶ እንደማይለይ ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ነገ መቅረት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ካርዱን የጠመኔው ሳጥን ውስጥ ይጥላል፤ በማግስቱ ቀድሞ የመጣ ልጅ ያስገባዋል። በክፍሉ ዘንድ ይህ ጥፋት አልነበረም። ማሽኑን መሸወድ አራዳነት ነበር፤ ለጓደኛ መድረስ ደግሞ ጨዋነት። መምህራኑም ቀና ብለው ወንበር አይቆጥሩም፤ ማሽኑ ያያል ተብለዋል።

አለቃ የተባለችው ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የክፍል አለቃ ስለሆነች ነው። አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ አባቷ እንኳ በስሟ መጥራቱን ትቶታል። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ቀሪ የምትመዘግበው እሷ ነበረች፣ በሰማያዊ ደብተር። ይቅርብሽ ካሏት ወራት አልፈዋል። እጇ ግን ስለለመደ፣ ዛሬም እንደተቀመጠች ዓይኗን በየወንበሩ አሳልፋ በቀሩት ልጆች ቁጥር ትይዩ ትንንሽ ኤክስ አደረገች። አምስት ሆኑ። ማሽኑ ዘንድ ግን ሁሉም ገብተዋል።

በእረፍት ሰዓት ርዕሰ መምህሩ አስጠሯት። ቢሮው ውስጥ የኩባንያው ሰው ተቀምጧል። ጠባብ ሱፍ የለበሰ፣ ምንም ሳይባል የሚስቅ ሰው ነው።

«ነገ ከትምህርት ቢሮ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ተማሪዎቹን ወክለሽ ንግግር የምታደርጊው አንቺ ነሽ። ከትምህርት ቤቱ ሁሉ አንቺን ነው የመረጥነው።»

አለቃ ደስ አላት። በኋላ ራሷን ያናደዳት ይኸው ደስ ማለቷ ነው።

የኩባንያው ሰው አንድ ገጽ ወረቀት አቀበላት። «ይህ ቴክኖሎጂ ወደ ክፍላችን ከገባ ወዲህ የቀሪ ተማሪዎች ቁጥር ዜሮ ሆኗል» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ «ከእንግዲህ አንድም ተማሪ ከዓይን አይሰወርም።»

«ማን ነው የጻፈው?» አለች።

«እኛ ነን ያዘጋጀንልሽ። አንቺ ከልብሽ ማንበብ ብቻ ነው» አለና ሳቀ።

«እንግዳዋ ይህን ሰምተው ውሳኔውን ይፈርማሉ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «በመጪው ዓመት በከተማው ትምህርት ቤት ሁሉ ይገባል። የቀሪ ክትትል የሚባለው ሥራም ይታጠፋል። ማሽን እያለ ሰው በየሰፈሩ ማዞር ምን ይሠራል?»

የቀሪ ክትትል ማለት እትዬ የትነበርሽ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ተማሪ የለም፤ የቀረ ልጅ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚሉት ይህንኑ ስለሆነ ስማቸው ሆኖ ቀረ። ቢሯቸው ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አለቃ ወረቀቷን ይዛ ስትወርድ በሩ ክፍት ነበር፤ እትዬ ዕቃቸውን በካርቶን ይከታሉ። ግድግዳው ላይ የቀረው በምስማር የተንጠለጠለው ጥቁር ጃንጥላቸው ብቻ ነው።

«ምን እየሠሩ ነው እትዬ?»

«እየተሰናዳሁ ነዋ። ውጪ ከመባሌ በፊት ዕቃዬን ልሰብስብ ብዬ ነው።»

ከካርቶኑ አንድ እፍኝ ወፍራም ካርዶች አውጥተው አሳዩዋት። በእያንዳንዱ ላይ ወደ አንድ ተማሪ ቤት የሚወስደው መንገድ በእጅ ተጽፏል፦ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ውሻው አይናከስም።» «ሁለተኛ ፎቅ፣ ደወሉ አይሠራም፣ በመስኮት ተጣሪ።» ሃያ ሁለት ዓመት በእግራቸው ዞረው ያጠራቀሙት ነው።

«ልጅ ሦስት ቀን ከቀረ እሄዳለሁ» አሉ። «አንዳንዱ ሰንፎ ነው፤ እሱን ጆሮውን ይዤ አመጣዋለሁ። አንዳንዱ ግን ቤቱ ችግር ገብቷል። ያንን ጽፌ ሳመለክት ቀሪው ይነሳለታል፣ ዓመቱም አይቃጠልበትም። አሁን ማሽኑ ማንም አልቀረም ይላል። ካልቀረ ማንን ልፈልግ?» ቀና ብለው አዩዋት። «ያቺ ረጅሟ ጓደኛሽስ? ሰሞኑን ግቢ ውስጥ ዓይኔ አልገባችም።»

«አለች» አለች አለቃ። «ደህና ናት።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቀላል ነበር። ደረጃውን ስትወጣ ግን እየከበዳት ሄደ።

ከትምህርት በኋላ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ ጓደኛዋ ቤት አመራች። ጓደኛዋ ሚጢጢ ትባላለች። ከክፍሉ ሁሉ ረጅሟ እሷ ናት፤ ሚጢጢ ያሏትም ሊያሾፉባት ነው። በሩን የከፈተችው ትንሹን ወንድሟን በአንድ ክንዷ ታቅፋ፣ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ጠቅልላ ነበር። ወለሉ ላይ ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ ተቀምጧል፤ ሌላው ወንድሟ አጠገቡ ይጫወታል። ከመጋረጃው ወዲያ እናቷ አንድ እግራቸው በጀሶ ታሽጎ ተኝተዋል። የሚያጸዱት ሕንፃ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ነው የወደቁት። ሚጢጢ ካርዷን ለአለቃ የሰጠቻትም ያን ዕለት ነው።

«ሁለት ቀን ብቻ ብለሽኝ ነበር» አለች አለቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሁለት ቀን መስሎኝ ነዋ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት አለ። እነዚህን ማን ያበላቸዋል?» ሚጢጢ ሳፋው አጠገብ ቁጭ አለች። «ምን እንደሚያናድደኝ ታውቂያለሽ? አምና ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ቀን ብቀር እትዬ የትነበርሽ በዝናብ መጥተው በራችንን አንኳኩ። አሁን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ማንም የለም። ረስተውኛል ማለት ነው።»

አለቃ እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ለጓደኛዋ ውለታ እየዋለች መስሏት ነበር።

«አልረሱሽም» አለች። «አንቺ እኮ ክፍል ውስጥ ነሽ። በየቀኑ የማስገባሽ እኔ ነኝ።»

ሕፃኑ የአለቃን ቦርሳ ማንጠልጠያ ያኝካል።

«ለእትዬ ልንገራቸው?»

«ኧረ እንዳታደርጊው! ከአሥር ቀን በላይ የቀረ እኮ ዓመቱን ይደግማል። ካርድ ማሳየታችን ከታወቀ ደግሞ ጭራሽ ያባርሩናል፣ አንቺንም ጭምር።»

«እሺ ካልነገርኳቸውስ? ስድስት ሳምንት ካርድ ሳሳይ ልክረም? ፈተናውንም ካርዱ ይፈተንልሽ?»

ሚጢጢ ልትስቅ ሞከረችና አልሆነላትም፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ እንጃ አለቃ። ደክሞኛል።»

የተዘፈዘፈውን ልብስ አብረው አጥበው አሰጡት። አለቃ ልትወጣ ስትል ሚጢጢ በሩን ይዛ ቆመች።

«ስትነግሪያቸው» አለች፣ «ሰንፋ ነው የቀረችው እንዳይሉ አድርጊ።»

የአለቃ አባት ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ስትደርስ ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ነበር። የንግግሩን ወረቀት አነበበችለት። እሱ ክሩን በጥርሱ በጠሰና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።

«ዜሮ?» አለ። «ዓመቱን ሙሉ ሆዱን የቆረጠው ልጅ እንኳ የለም?»

«አባዬ፣ ፎቶ ነው የምናሳየው።» ሁሉንም ነገረችው።

ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልጮኸም። «አንድ ደንበኛ ፎቶውን ልኮ ሱፍ ስፋልኝ አለኝ፤ እኔም ሞኙ ሰፋሁለት። ፎቶው ላይ ልክክ ይል ነበር። ሰውየው መጥቶ ሲለብሰው ክንዱ አልገባም።» የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። «እኔም አጥፍቻለሁ። ማሽኑ ሲገባ ፊትሽን ለማንሳት ፈቃድ ብለው አምስት ገጽ ላኩልኝ። የት እንደሚያስቀምጡት፣ ለማን እንደሚሰጡት ሳልጠይቅ ፈረምኩ። በነፃ ነው ሲሉኝ አፌን ያዘኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እዚህ ሆኜ ተናገሪ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ነገ እዚያ የምትቆሚው ግን አንቺ ነሽ። ወላጅ አምጪ ካሉሽ ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ። እኔ የምችለው ይህን ነው።»

በማግስቱ አለቃ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ክፍሏ አልገባችም፤ ወደ ደረጃው ሥር ሄደች።

«እትዬ፣ ትናንት ዋሸሁዎት» አለችና ሰማያዊውን ደብተር ሰጠቻቸው።

እትዬ የትነበርሽ ቆመው አነበቡ። ጣታቸው በኤክሶቹ ላይ ቀስ እያለ ወርዶ ቁጥር አሥራ ስድስት ላይ ቆመ። ምን እንደሆነ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። አልተቆጧትም። ካርቶኑን አገላብጠው የሚጢጢን ቤት ካርድ አወጡ፣ ደብተሩን መለሱላት፣ ጃንጥላቸውን ከምስማሩ አነሱ።

«ስብሰባው ላይ የት ሄደች ካሉ፣ ሥራ ላይ ናት በያቸው» ብለው ወጡ።

ክፍሉ በር ላይ ጋዜጠኛው ሳጥኑን ይዞ ጠበቃት። ፊቷን አይቶ ነገሩ ገባው።

«ልታጋልጪን ነው እንዴ? አሳባቂ ነው የሚሉሽ።»

«ይበሉኝ። የእናንተን ካርድ አልነካም። የማሳየው የሚጢጢን ብቻ ነው፤ ያስገባኋትም እኔ ነኝ።»

ጋዜጠኛው ሳጥኑን ወደ ደረቱ አስጠግቶ መንገዱን ለቀቀላት።

እንግዳዋ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጡ። ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ብብታቸው ሥር ወፍራም አቃፊ ይዘዋል። የኩባንያው ሰው ማሽኑን እያሳየ ብዙ አወራ፤ ርዕሰ መምህሩም በየመሃሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አለቃን ጠሯት። ወረቀቱን ይዛ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመች። አንድ ጊዜ አንብባው መቀመጥ እንደምትችል አሰበች። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ወረቀቱን አጠፈችው።

«ከማንበቤ በፊት አንድ ተማሪ ላስገባ» አለች።

ወደ በሩ ሄዳ ካርዱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገችው፣ አንድ ስንዝር አራቀችው፣ ትንፋሿን ያዘች።

«ቁጥር አሥራ ስድስት፣ እንኳን ደህና መጣሽ።»

እንግዳዋ አረንጓዴውን መብራት፣ ከዚያ ካርዱን፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ያለውን ባዶ ወንበር አዩ። የኩባንያው ሰው ሳቀ፤ ዛሬ ግን ብቻውን ነበር የሳቀው።

«ጥቃቅን ነገር ናት፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ ትስተካከላለች» አለ።

«እስከዚያ ድረስ ማን ይፈልጋታል?» አለች አለቃ። ወደ እንግዳዋ ዞረች። «አሥራ አንድ ቀን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቅጣቱንም እቀበላለሁ። እናቷ እግራቸው ተሰብሮ ወንድሞቿን የምታሳድገው እሷ ናት። ማንም አልሄደላትም፤ ምክንያቱም እዚህ አለች ተብላለች። ይህ ወረቀት ቀሪ ዜሮ ነው ይላል። የእኔ ደብተር ደግሞ ትናንት ብቻ አምስት ይላል።»

ርዕሰ መምህሩ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እንግዳዋ በእጃቸው አስቆሟቸው።

«የቀሪ ክትትል ሠራተኛዋን ጥሩልኝ» አሉ።

«ሥራ ላይ ናቸው» አለች አለቃ።

እንግዳዋ ደብተሩን ተቀብለው ብዙ ገጽ ገለጡ። ከዚያ መልሰው ሰጧትና እስክሪብቷቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው አቃፊውን እንደያዙ ወጡ። ሌላ ቀን ይፈርሙ አይፈርሙ አለቃ አላወቀችም። ያወቀችው ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ቀርተው የነገሯትን ብቻ ነው።

«ነገ ወላጅሽን ይዘሽ ትመጫለሽ።»

«እሺ» አለች።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጋዜጠኛው ከኋላ ተነስቶ መጣና የጠመኔውን ሳጥን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው።

«ዛሬ ሦስት ናቸው» አለ ወደ መስኮቱ እያየ። «ሁለቱ ሰንፈው ነው። አንዱ ግን እንጃ፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። ጻፊያቸው።»

አለቃ ደብተሩን ገለጠች። ሦስቱን ጻፈች። ከዚያ በቁጥር አሥራ ስድስት ትይዩ አንድ ኤክስ አደረገችና፣ ከጎኑ በትንሹ «ሰው ሄዶላታል» ብላ ጻፈች።