ጥያቄ ያጣ መልስ

መምህርቷ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቦ በግራም በቀኝም ከፍራሹ ሥር ተወትፏል፤ ሕፃን እንደሚያስተኙት ዓይነት። ራስጌዋ ባዶ የእንቅልፍ ሽሮፕ ጠርሙስ አለ፤ ከጠርሙሱ ሥር ደግሞ አንዲት ወረቀት። በወረቀቷ ላይ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ «ቀድሜያችሁ እሄዳለሁ። እዚያ እጠብቃችኋለሁ» ይላል።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከፖስታ ቤት ሥራዋ ስትመለስ ሞታ ያገኘቻት ልጇ ናት። ጎረቤቶች ወረቀቷን እየተቀባበሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም፤ ወረቀቷ ለማን እንደተጻፈች ያወቀች መስሏት ደርቃ ቀርታለች።

«ለእኔ ነው የመለሰችልኝ» አለች ለመርማሪዋ። «ረቡዕ ማታ ተጣላን። ቅዳሜና እሁድን ሐይቅ ዳር እናሳልፍ ትላለች። አባቴን የበላ ሐይቅ! ‹ሂጂ! ብቻሽን ሂጂ!› አልኳትና በሩን ፊቷ ላይ ወርውሬ ዘጋሁት። ይኸው ሄደች።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ ያቺን ቃል መልሳ ለመዋጥ ነፍሷን እንኳ በሰጠች ነበር።

መርማሪዋ ሃምሳን የተሻገረች ዝምተኛ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል፤ ቃል ሳትመዝን አትቀበልምና።

«እናትሽ መናገር አትችልም ነበር አሉ?»

«ከጉሮሮዋ ቀዶ ሕክምና ወዲህ ድምፅ የላትም። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረች ሴት! ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ሁሉ በጽሑፍ ነው። በየክፍሉ ደብተር አላት። ሳሎን ባለ መስመር፣ እዚህ መስመር የሌለው፣ ኩሽና ባለ ካሬ።»

ሚዛን ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገቻት። ባለ ካሬ ናት። ላይኛው ጫፏም በመቀስ ተቆርጧል።

«የኔ ልጅ፣ እናትሽ ብቻዋን ስትሆን ትጽፍ ነበር?»

«ሰው ብቻውን ያወራል እንዴ?»

«እሱ ነው ነገሩ። ይቺ የአንድ ጥያቄ መልስ ናት። መልሱ ይኸው፤ ጥያቄው ግን የለም።»

«ነገርኩዎት እኮ! ጥያቄው የእኔ ነው!» ልጅቷ ጮኸች።

«ረቡዕ የት ነበር የተጣላችሁት?»

«ሳሎን።»

ሚዛን ወደ ኩሽና ሄደች። መደርደሪያው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ታጥበው ተደፍተዋል። ባለ ካሬው ደብተር በምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ እርሳሱም በክር ታስሮበታል። መምህርቷ የአስተማሪነት ልማድ ሆኖባት እያንዳንዱን ገጽ ከላይ በቁጥር፣ እያንዳንዱን ቀን በስሙ ትመዘግባለች። ገጽ ሠላሳ፣ ሐሙስ ጠዋት፦ «እንቁላሉን እኔ እቀቅላለሁ፤ አንተ ውሃ ያዝ። ሁለት ክፍል ተይዟል። የመስኮቱን ወንበር ለልጄ ተውላት።» ገጽ ሠላሳ አንድና ሠላሳ ሁለት ተገንጥለዋል። ገጽ ሠላሳ ሦስት ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «ስኳሩን አሁንም ሦስት ያደርጋሉ?»

ስለ ጉዞው የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ልጅቷ፣ የመምህርቷ ታላቅ ወንድም፣ በሚኒባሱ ሊወስዳቸው የነበረው ጎረቤት። ጎረቤቱን ሰፈሩ «ጥሩምባ» ይለዋል። ጠዋት የነገሩትን ከሰዓት በኋላ መንደሩ ይሰማዋል።

«ጠዋት እሷ ዘንድ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ» አለ ጥሩምባ። «ከዚያ ጋራዥ፣ መኪናዬ ሥር ተኝቼ ዋልኩ። ይጠይቁ፣ እግሬን ያላየ የለም።»

«ሻይህ ስኳር ይበዛበታል?»

«ኧረ እመቤቴ! ስኳር እኔ ራሴ አለብኝ፤ ሐኪሙ ሌላ አትጨምር ብሎኛል።» ሊስቅ ፈለገና ዓይኑ እንባ ሞላ። የሆነ ነገር ለመናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሚዛን አየችው።

ታላቅ ወንድሟ ሰዓት ጠጋኝ ነው። የሱቁ ግድግዳ ላይ አርባ ሰዓቶች በአንድነት ይመታሉ፤ እሱ ግን ጣቶቹን ማሳረፍ አቅቶታል።

«ሁለት ወር ሙሉ ደጇን አልረገጥኩም። ጉዞውን የተነጋገርነው በስልክ መልእክት ነው። ወላጆቻችን በልጅነቷ ሞቱ፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ አንቱ እንዳለችኝ ነው።»

«ባሏ በሰጠመ ቀን አብረውት ነበሩ ይባላል።»

«ስምንት ዓመቱ። ማዕበል ጀልባዋን ገለበጣት። ዋና አይችልም ነበር፤ ላተርፈው አልቻልኩም።»

አርብ ቀኑን ሙሉ ሚዛን አልታየችም። ልጅቷ ከክፍል ክፍል ስትዞር ዋለች። እህል አልቀመሰችም፤ ሰውም ሲያናግራት አትሰማም። «ብቻሽን ሂጂ» የሚለው የራሷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ አልጠፋ ብሏል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሊነሡ ታስቦ በነበረበት ሰዓት፣ ሚዛን ሦስቱንም ኩሽና ጠራቻቸው። መምህርቷ ያሰናዳችው ሻንጣ አሁንም በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ከብርድ ልብሱ ልጀምር» አለች። «ሰው ተኝቶ ሳለ ሁለቱንም ጎን ከራሱ ፍራሽ ሥር መወተፍ አይችልም። ያስተኛት ሌላ ሰው ነው። ወረቀቷ ደግሞ የዚህ ደብተር ገጽ ሠላሳ ሁለት ናት፤ የተቆረጠው ጫፍ ቁጥሯ ነበር። መምህርቷ ሐሙስ፣ እዚሁ ቁጭ ብላ ለሚያናግራት ሰው መለሰች። ጥሩምባ፣ የደበቅከውን አውጣ።»

ሹፌሩ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «አርብ ማለዳ አውቶቡስ ተራ አድርሰኝ። ለልጄ አትንገር» ይላል።

«በዕድሜዬ የጠበቅኩት ምስጢር ይሄ ብቻ ነው» አለ ጥሩምባ። «ምነው ያን ቀን እንደ ስሜ ነፍቼው ቢሆን!»

«ከእናንተ አንድ ቀን ቀድማ ልትሄድ ነበር። አንድ ሰው ‹ለምን ከእኛ ጋር አትሄጂም?› ብሎ ጠየቃት። እሷም ‹ቀድሜያችሁ እሄዳለሁ፤ እዚያ እጠብቃችኋለሁ› አለች። የጉዞ ወሬ ነው። ሬሳ አጠገብ ሲያስቀምጡት ስንብት ሆነ።» ደብተሩን ገለጠችው። «ገጹን የገነጠለው ሰው የሚቀጥለውን ልብ አላለም። ስንብት ጽፋለች የተባለችው ሴት ወዲያው ቀጥላ ስለ ስኳር ጠየቀች። ልጇን ‹አንቺ›፣ ሹፌሩን ‹አንተ› ትላለች። ‹ያደርጋሉ› የምትለው ግን አንድ ሰው ብቻ አላት። ‹አሁንም› ያለችውም ሁለት ወር ስላልመጡ ነው።»

ልጅቷ ቀና አለች። «ጋሼ?»

ሰዓት ጠጋኙ ዓይኑን ወደ ሻንጣው መለሰ።

«ትናንት ሐይቁ ዳር ነበርኩ» አለች ሚዛን። «ጀልባ የሚያከራየው ሽማግሌ ታሟል። ሳይሞት ስለ ባሏ የሚነግራት ነገር እንዳለ ልኮባት ነበር። የያኔውን ከዳር ሆኖ አይቶታል። መምህርቷ ይህን ሐሙስ ለእርስዎ አጫወተችዎት፤ ስላመነችዎት። ገጽ ሠላሳ አንድ እሱ ነበር። ከዚያ ሽሮፑን ሻይዋ ውስጥ ገለበጡት። የአስከሬን ምርመራውም ይህንኑ አረጋግጧል።»

ሰውየው እጆቹን አየ።

«ጀልባዋ ከተገለበጠች በኋላ ሁለታችንም ጠርዟን ይዘን ነበር» አለ በመጨረሻ። «ለሁለት አልበቃችም። ጣቶቹን... አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። ዘጠኝ ዓመት ሊሆነው ነው፤ በየቀኑ አላቅቃቸዋለሁ። ይህን ብታውቅ አንቱ አትለኝም ነበር።»

«እስከ መጨረሻው አንቱ ብላዎታለች» አለች ሚዛን። «ያስያዘዎትም እሱ ነው።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ልጅቷ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችምም። አባቷን፣ እናቷን፣ እንደ አባት የምታየውን አጎቷን በአንድ ጠዋት ቆጥራ ማንም አልቀረላትም። ሚዛን ሳሎን ገብታ ባለ መስመሩን ደብተር አመጣችላት።

«ለአንቺ የመለሰችው ይኼ ነው። ረቡዕ ማታ፣ በሩን ከዘጋሽ በኋላ።»

ድምፅ የሌለው ሰው በተዘጋ በር መልስ ሊያሰማ አይችልም። ልጅቷ አነበበች፦ «ተቆጪ፤ መብትሽ ነው። ቅዳሜ ግን ትመጫለሽ። የዋና ልብስሽን አጥቤ አስጥቼዋለሁ።»

ልጅቷ በጓሮው በር ወጣች። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ በር ስትወጣና ስትገባ አላየችውም ነበር። ሰማያዊው የዋና ልብሷ በሁለት መቆንጠጫ ተይዞ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ክው ብሎ ደርቋል። እጇን ሰደደች፤ ግን ልታወርደው አልቻለችም። እናቷ እንዳሰጣችው ተወችውና ገመዱ ሥር ተቀመጠች።