የአመዱ ዱካ

ዳንሰኛዋ ሜቲ ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ ጠባብ መጋዘን መሃል፣ ግልጽ በሆነ ላስቲክ እንደተጠቀለለች ሞታ ተገኘች። ከጓደኞቿ ጋር ሲያዘጋጁት በነበረው ትርኢት ራሷን በላስቲክ ትጠቀልላለች፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ወለሉን ትመታለች፤ ያኔ የመድረክ አጋሯ ቦንቱ ደርሳ ላስቲኩን ትቀድላታለች።

ኢንስፔክተር ዘርፉ ጠዋት ስትደርስ ወለሉ ለትርኢቱ ከወንጂ በመጣ የአገዳ አመድ ተሸፍኖ ነበር። አንድ የባዶ እግር ዱካ ብቻ ከበሩ እስከ አስከሬኑ ይታያል። የሚመለስ ዱካ የለም።

«ብቻዋን ገብታ ብቻዋን ሞተች» አለ አሰልጣኙ ምልኬሳ ምርኩዙን ተደግፎ። «ሰው መሃል ሆናም ብቻዋን ነበረች።»

ዘርፉ ዱካውን እንዳትረግጥ በግድግዳው ጥግ ዞራ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ላስቲኩ ሲገለጥ የሟቿን ውስጥ እግር ብዙ ቆይታ አየችው።

ከዚያ የትርኢቱን የመብራት ሠራተኛ ጠሃን ጠየቀችው።

«ትናንት ማታ ስትወጣ አመዱ ተበትኖ ነበር?»

«ኧረ አልተበተነም። እኔ ቀድሜ ወጣሁ፤ ሜቲና ቦንቱ ቀሩ።»

ቦንቱን ደግሞ ለብቻዋ አስቀምጣ ጠየቀቻት።

«አመዱን አብረን በተንን» አለች ቦንቱ። «ብቻዬን ልለማመድ አለችኝ። አመዱን አቋርጣ ስትገባ አይቻት ሄድኩ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«አልተጣላንም። ሐዋሳ ካለ ቡድን ጋር ልትሠራ ነበር። ሁለታችን የተከራየነው ክፍል ለአንድ ሰው ይሰፋል።»

ዘርፉ ሦስቱንም በሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሜቲ አመዱን አቋርጣ ብትገባ እግሯ አመድ ይነካው ነበር። ውስጥ እግሯ ግን ንጹህ ነው። ስለዚህ አመዱ የተበተነው ከሞተች በኋላ ነው።»

«ዱካውስ የማን ነው?» አለ ምልኬሳ።

«የገዳይዋ። አጠገቧ ቆማ አመዱን ዙሪያውን በተነችና የኋሊት እየተራመደች ወጣች። ጣቶቹ ወደ አስከሬኑ የዞሩት፣ ከተረከዙም ይልቅ የጠለቁት ለዚህ ነው። ዱካው ትንሽ ነው፤ የጠሃ አይሆንም። እርስዎ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም። ስትገባ አየሁ ያለችው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናት።»

ሁለቱ ወንዶች ወደ ቦንቱ ዞሩ።

«ወለሉን መታች» አለች ቦንቱ። «ሰማሁ። ደግማ መታች። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ነው የሚቀድላት ብዬ አሰብኩ። እጄ አልነሳ አለኝ።»

ዘርፉ ስልኳን አወጣች።

«ለሜቲ ቤተሰብ መንገር አለብን። አንድ ነገር ብትሆን ለማን ነው የሚደወለው?»

ምልኬሳ ጠሃን አየው። ጠሃ ቦንቱን አያት።

«ለእኔ ነበር» አለች ቦንቱ።